ስድስት የሮማ ብሮች

ደምመላሽ መኪናውን ከመድኃኒት ቤቱ ደጅ አቁሞ ሲወርድ መድኃኒት ሻጯ ምሥራቅ ከባንኮኒው ኋላ ሆና አየችው። ሰውየው የጣውላ ነጋዴ ነው። መንግሥት በተለወጠ ማግስት ቦንጋ ገባ፤ ሽጉጥ ከወገቡ ተለይቶት አያውቅም፤ ደፍሮ «ተው» ያለውም ሰው እስካሁን አልተገኘም።

«እትዬ ምሥራቅ፣ አንዴ ይምጡልኝ። የሚያዩልኝ ነገር አለ።»

«ቤቱን ለማን ትቼ?»

«ይዝጉታ!»

ምን እንደሚያሳያት ገመተች። አባቷ ምፅዋ ጉምሩክ ሲሠሩ ከመርከበኞች የሰበሰቧቸውን ጥንታዊ ሳንቲሞች ወርሳለች፤ እሷም ስትጨምርበት ኖራለች። የሮማውን ከአክሱሙ፣ እውነተኛውን ከአስመሳዩ እንደምትለይ ከተማው ያውቃል። አጉሊ መነጽሯን ጋዋኗ ኪስ ከትታ በሩን ቆለፈች።

ከመኪናው የኋላ ወንበር ከንፈሩ ያበጠ ሰው ተቀምጧል። ከዋጫ ከተማ የሚመጣው ጥሩሰው ነው፤ ማርና ኮረሪማ የሚነግድ፣ የአስም መድኃኒቱን ከእሷ የሚገዛ። ሰላም ስትለው አንገቱን ደፋ።

መኪናው የገበያውን ግርግር አልፎ በዋጫ መንገድ ነጎደ። ጫካው ግራና ቀኝ ሲገጥም ደምመላሽ ግንድ ወደሚጎተትበት ጠባብ መንገድ ታጠፈና ሞተሩን አጠፋ። ከጉሬዛ ጩኸት በቀር ድምፅ የለም። ስድስት የብር ሳንቲሞች ከጨርቅ ፈትቶ ጭኗ ላይ ዘረገፈ።

«ይኼ ሰውዬ የሮማ ናቸው ብሎ ሸጠልኝ። አንድ ወዳጄ ሳቀብኝ። እውነተኛ ከሆኑ ይቅርታ ጠይቄ ቤቱ አደርሰዋለሁ። ካልሆኑ...» ወደ ጫካው በአገጩ ጠቆመ። «እርስዎ በእግርዎ ወደ ዋናው መንገድ ይወጣሉ። ያዩት ነገር የለም።»

አንዱን አንሥታ መነጽሩን ዓይኗ ላይ አደረገች። የተቀረጸው የሮማው ንጉሥ የትራያኖስ ራስ ነው። ፊደሎቹ እንደ ሞቀ ሰም ለዝበዋል፤ ዙሪያው መርፌ የወጋው ይመስል ጥቃቅን ቀዳዳ አለበት። የጥንቱ ሳንቲም በመዶሻ እየተመታ ነው የሚወጣው፤ እንዲህ የሚሆነው ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት ነው። ከንጉሡ ጆሮ ሥር ጭረት አየች። ሁለተኛውን አነሣች። ያው ጭረት፣ እዚያው ቦታ። ሦስተኛውም እንደዚያው። በየእጁ የዞረ ሳንቲም ሁሉ እንዴት አንድ ቦታ ይጫራል?

ከኋላዋ የጥሩሰው ትንፋሽ ሲያፏጭ ይሰማታል። እውነተኛ ናቸው ብትል ሌላ አዋቂ ያያቸውና ደምመላሽ ወደ እሷ ይመለሳል። ሐሰት ናቸው ብትል ደግሞ... ከዚያ ወዲያ ማሰብ ፈራች።

«እህ?» አለ ደምመላሽ።

«በዓይን ብቻ አይፈረድም» አለች። «መመዘን አለባቸው። ሚዛኑ ያለው መድኃኒት ቤት ነው። ሳልመዝን ብናገር ነገ ውሸታም የሚሉኝ እርስዎ ነዎት።»

ሳንቲሞቹን መልሶ ጨርቁ ውስጥ ቋጠረ። ከዚያ የመኪናውን ቁልፍ አዞረ።

የገበያ ቀን ነበርና የመድኃኒት ቤቱን በር ገና ስትከፍት ደንበኞች ተከትለዋት ገቡ። ደምመላሽ ጥሩሰውን ጥጉ ወንበር ላይ አስቀመጠው፤ ሳሉ በርትቶበታል። መድኃኒቱን እየሰጠች ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ «የጓሮው በር ክፍት ነው» አለችው። ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ፣ ሆን ብላ እያዘገመች፣ መዘነች። የደምመላሽ ዓይን ከሚዛኑ አልተነቀለም። ቀና ስትል ጥሩሰው የለም።

«ሐሰተኛ ናቸው» አለች ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «ሁሉም ከአንድ ቅርጽ የወጡ ናቸው።»

ደምመላሽ ዞር ብሎ ባዶውን ወንበር አየ። «አስመለጥሽው!» እርስዎ መባሏ ቀረ። እጁ ከጃኬቱ ሥር ገባ።

ጋሽ ጉግሳ የሚባሉ ሽማግሌ የሐኪም ወረቀታቸውን እንደያዙ በሁለቱ መካከል ገቡ። «ልጄ፣ ተራ እኮ ይጠበቃል» አሉት። የቀሩትም አንድ ሁለት እያሉ ከጎናቸው ቆሙ። ደምመላሽ ሁሉንም በየተራ አያቸው። ሳንቲሞቹን አፍሶ ወጣ።

እስከ ክረምቱ ድረስ ምሥራቅ እህቷ ቤት አደረች። መኪናው በመድኃኒት ቤቱ ደጅ ቀስ ብሎ ባለፈ ቁጥር የያዘችው ነገር ከእጇ ይወድቅ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ደምመላሽ ሥራውን ከቦንጋ አንሥቶ ወደ ደካ በኩል አዛወረ ተባለ። ጥሩሰውም ጅማ ታየ አሉ፤ ወደ እሷ ግን ዳግም አልመጣም።

ከዚያ በኋላ አሮጌ ሳንቲም ይዞ «እስቲ ይዩልኝ» የሚላትን ሁሉ፣ ሳንቲሙን ሳትነካ፣ «አላውቅበትም» ትለው ጀመር።