ቁጭ ብሎ ቴኒስ

መናኸሪያው ጀርባ ባለው ቤታችን እንደ አባዬ ቴኒስ የተጫወተ የለም። ጌሙን ወንድሜ ፈትሁዲን ነው ከመርካቶ ያመጣው፤ ሪሞት የመሰለውን ነገር ይዘው እጃቸውን ሲያወዛውዙ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሰውዬ ኳሷን ይመታል። አባዬ የጨርቅ ሱቁን ዘግቶ ሲመጣ ጃኬቱን ያወልቅና መሀል ሳሎን ይቆማል። ይዘላል፣ ይጎነበሳል፣ ኳስ ስታመልጠው ከቴሌቪዥኑ ኋላ ሄዶ ሊያመጣት ምንም አይቀረው። አንዴ አምፖሉን ሰብሮታል። እማዬ እስከ ዛሬ ታነሳበታለች።

እኔና ፈትሁዲን ግን ሚስጥሩ ቶሎ ገባን። መዝለል ብሎ ነገር አያስፈልግም። ሶፋ ላይ ተደግፎ የእጅን አንጓ ነቅነቅ ማድረግ ነው፤ ማሽኑ እንደ ትልቅ ምት ይቆጥረዋል። እንዲህ እያደረግን ላብ በላብ የሆነውን አባታችንን ሁልጊዜ እናሸንፈው ነበር።

«ይሄ አይቆጠርም» ይላል። «ቁጭ ብሎ ቴኒስ የለም። ተነሺና ግጠሚኝ፣ ነኢማ።»

አልነሳም ነበር። 

ዘንድሮ አባዬን ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ ደከመ። ሐኪሙ ተደግፎም ቢሆን ለመቆም ካልሞከረ እንደተቀመጠ ሊቀር ይችላል አለን። እሱ ግን ግግም አለ። እማዬ ለመነችው፣ ፈትሁዲን ተቆጣው፣ እኔ አለቀስኩ። «ተዉኝ» ብቻ ነው መልሱ። ከደንበኛ ጋር ሲከራከር የሚውል ሰው ግድግዳ ሲያይ ይውል ጀመር።

ባለፈው እሁድ ጌሙን ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አወረድኩት። አቧራውን ጠርጌ ሪሞቱን በደህናው እጁ አስያዝኩት፤ እንዳይወድቅበትም ማሰሪያውን አጠበቅኩለት። እኔ አጠገቡ ቆምኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ክንዴ መታሁ፣ ዘለልኩ፣ ከጠረጴዛው ጋር ተጋጨሁ። እሱ ወንበሩ ላይ እንዳለ አንጓውን ነቅነቅ ያደርጋል። አሸነፈኝ። ደገመኝ።

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ሳቀች። ስንት ጊዜዋ ነው እንዲህ ከሳቀች።

«በቃ ቻልከኝ፣ አባዬ» አልኩት እያለከለክሁ።

እሱ አልሳቀም። ማሰሪያውን በጥርሱ ፈትቶ ሪሞቱን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ይሄ አይቆጠርም» አለ በተኮላተፈ አንደበቱ። ከዚያ ደህናውን እጁን ዘረጋልኝ። «አንሺኝ።»