የማክሰኞው ውሃ

ቢሮ ውስጥ «ጠመኔ» ይሉታል፤ እጁ ነጭ ሳይሆን ታይቶ አያውቅም። ሥራው የብረት ሜትሩን ጫፍ ጠመኔ ቀብቶ፣ ወንዙ ዳር በተቀበረው ቀጭን ቱቦ ወደ ታች መልቀቅና መልሶ ስቦ የት ድረስ እንደራሰ ማየት ነው። ሜትሩ ሲወርድ ከቱቦው አፍ ቀዝቃዛ ትንፋሽ ይወጣል፤ ምድር ተኝታ የምትተነፍስ ይመስለዋል። ይህን ለማንም አልተናገረም። ቅጹም ላይ የሚሞላበት ቦታ የለም።

ወንዙ ከደረቀ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ጎርፉን አዘግይቶ ወደ መሬት እንዲያሰርግ ቢሮው የድንጋይ ክትር ሠራለት። አለቃው ግን ቁርጡን ተናገሩ፦ የምድሩ ውሃ በወሩ መጨረሻ ከመሬት በታች እስከ ሦስት ሜትር ድረስ ካልወጣ፣ ክትሩ ፈርሶ የሲሚንቶ ቦይ ይሠራል። ወንዙ ዳር ያሉት የአኻያ ዛፎች ሥር ደግሞ ከሦስት ሜትር አይወርድም። ጠመኔ ያደገው ከነሱ ጥላ ሥር ነው።

ቱቦው ያለው ወንዙን በሚያዋስነው የታላቅ እህቱ ጓሮ ጥግ ላይ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ይመጣል፣ ቁርስ ይበላል፣ ይለካል። አምስት ሜትር። በሳምንቱም አምስት። አኻያዎቹ ግን እንደ ሕልም ዛፍ ለምልመው ይወዛወዛሉ። ጠመኔ ሜትሩን አመነ።

በመጨረሻው ሳምንት አለቃው ስለቸኮሉ ሰኞ ሄደ። እህቱ በር ላይ ክው አለች።

«ምነው ሳትነግረኝ! ጓሮዬ አቧራ ለብሶ!»

«እኔ ጓሮሽን ልለካ አልመጣሁም፣ እትዬ።»

ለካ። ሁለት ሜትር ከሰማንያ። ጠመኔውን ቀብቶ ደገመ። ያው ሁለት ከሰማንያ።

«እትዬ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ምን እሠራለሁ? ከንጋት ጀምሮ በፓምፑ ውሃ እስባለሁ፣ አትክልቱን አጠጣለሁ። ልትደርስ ስትል አጠፋዋለሁ፣ ቁርስህን በሰላም እንድትበላ። ጓሮዋ ደረቀ ብለህ እንድትጽፍብኝ ነው?»

የፓምፑ ጉድጓድ ከቱቦው ሁለት እርምጃ ነበር፤ በየማክሰኞው የቱቦውን ውሃ ያወረደው እሱ ነው።

ጠመኔ ለአለቃው በስልክ ነገራቸው። «አንድ ሰኞ አሥራ ሁለት ማክሰኞ አይሽርም» አሉ። «ነገ እራሴ መጥቼ አያለሁ።»

ጠመኔ ነገ ፓምፑን እንዳትነካ ሲለምናት እህቱ ራሷን ያዘች። «አለቃህ መጥቶ ይህን በረሃ ሊያይ? እንግዲያ ፓምፑን እንዳልነካ እጄን እሰሩት!»

በማግስቱ አለቃው ሲገቡ ፓምፑ ላይ ነጠላዋን አንጥፋ፣ ቁጭ ብላበት አገኟት። አልተነሣችም።

«ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጓሮዬ እንዲህ አልነበረም።»

ጠመኔ ሜትሩን ለቀቀ። የአኻያዎቹ ቅጠል ጸጥ ያለ መሰለ። ስቦ ሲያወጣው አለቃው እርጥቡን መስመር በጣታቸው ነኩት። ሁለት ሜትር ከሰባ አምስት። ጣታቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«እንዲሁ አቧራ ይልበስልን፣ እመቤቴ» አሉ።