ወንድሜ ከጂዳ ልጁን የዳረ ዕለት

በኒካሕ ላይ የሙሽሪት አባት ቃል በምስክር ፊት መሰማት አለበት። አባት ሩቅ ከሆነ ሰው ይወክላል፤ ቡታጅራ ውስጥ ሁሉም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ወንድሜ ሀቢቡ ግን ጂዳ ከሄደ አሥራ ሁለት ዓመቱ፣ ወረቀት አጥቶ መመለስ ያልቻለ ሰው፣ «አፍ እያለኝ ማንም አይወክለኝም፤ ልጄን ራሴ ነኝ የምድራት» ብሎ ድርቅ አለ። ግትርነት በዘራችን ነው።

ስለዚህ በ2009 ለልጁ ለባሂራ ኒካሕ የኢንተርኔት ቤቱ ሙከሚል ሳሎናችን ውስጥ ካሜራ ተከለ። ምስላችን መጀመሪያ ውጭ አገር ወዳለ ሰርቨር፣ ከዚያ ወደ ሀቢቡ ኮምፒውተር ይሄዳል። ኔትወርኩ የእሱን ምስል ለማምጣት አቅም ስላልነበረው መልሱን በስልክ ድምፅ ማጉያ እንሰማለን ተባለ። ሙከሚል ድምፅ እንዳያስተጋባ ብሎ የስልካችንን ማይክ ዘጋው። ሀቢቡ የሚሰማን በምስሉ በኩል ብቻ ነበር።

ኒካሑን የሚያስሩት ሸህ ጠየቁ፦ «ሀቢቡ፣ ልጅህን ባሂራን ለኢስሀቅ ድረህለታል?»

ዝም። ደገሙት፤ ዝም። ሦስተኛ ሲጠይቁ የኢስሀቅ አጎት ተነስተው ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ። «አባት ካልፈቀደ ምን እንሠራለን?» አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ያኔ ባሂራ ከሴቶቹ ክፍል ወጣች። «ምን ትጠብቃላችሁ! መቼ አባት ሆኖኝ ያውቃል? እንደሞተ ቁጠሩት! አጎቴ ሸረፋ ይዳረኝ!» አለች ወደ እኔ እያመለከተች።

ተናግራ ሳትጨርስ የሸሁ ድምፅ በስልኩ መጣ። ቅድም የጠየቁት የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ገና አሁን ጂዳ መድረሱ ነበር። ቀጥሎ ሀቢቡ፣ እያለቀሰ፦ «ድሬለታለሁ! አልሀምዱሊላህ፣ ድሬለታለሁ!»

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ሙከሚል ግን ክው አለ። «ምስሉ ይዘገያል» አለ ቀስ ብሎ። «አስቀድሜ መናገር ነበረብኝ።»

ባሂራ ወዲያው ገባት። «ቁረጠው!»

ገመዱን ነቀለው። «ጥቅም የለውም» አለ። «የሄደው ሄዷል። እዚያ ሰርቨሩ ላይ ተጠራቅሞ ነው የሚታየው።»

በስልኩ ሸሁ ሁለተኛ ጊዜ ሲጠይቁ ተሰማ። ወንድሜ ሳቀ። «ሰማሁ እኮ ሸህ! ድሬለታለሁ አልኩ!» ስልኩን ልዘጋ እጄን ዘረጋሁ። ብዘጋውስ? እሱ የሚሰማው በምስሉ ነው። እንግዶቹ እልል እያሉ እኔ፣ ባሂራና ሙከሚል ቆመን ጠበቅን። ማይኩን ከፍተን ማስጠንቀቅ እንኳ ማናችንም ትዝ አላለንም። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ሦስተኛው ጥያቄ አለፈ። የኢስሀቅ አጎት ስለ አባት ፈቃድ ያሉት አለፈ። ከዚያ የባሂራ ድምፅ፣ ጥርት ብሎ፣ ጂዳ ክፍሉ ውስጥ፦ «እንደሞተ ቁጠሩት!»

የሳሎኑ እልልታ ተቋረጠ። በስልኩ ቀጥሎ የራሳችን እልልታ መጣ፣ ቀጥሎ «ቁረጠው!» የሚለው ጩኸቷ፣ ከዚያ ምንም።

 «ሸህ» አለ ሀቢቡ፣ «የሞተ ሰው ከዳረ ይጸናል?»

ሙከሚል ማይኩን ከፍቶ ስልኩን ለባሂራ ሰጣት። በሁለት እጇ ይዛ ወደ ከንፈሯ አስጠጋችው።

«ሃሎ?» ይላል ወንድሜ። «ባሂራ? ምስሉ ቆመብኝ። እዚያ ሰው አለ?»