ስድስት መቶ አሥራ ስምንት ደጋፊዎች

ወይንእሸት የስፖርት ክፍለ ጊዜዋን ጨርሳ ኳሶቹን ወደ ዕቃ ቤት እያስገባች ሳለ፣ ምክትል ርዕሰ መምህሩ አቶ ያለው መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ተማሪ ይልኩባት ነበር።

«እንግዳ አለሽ፤ ቢሮዬ ውስጥ ነው» አሏት። ሲናገሩ የሚያዩት እሷን ሳይሆን ኳሶቹን ነበር።

ጥቅምት 2009 ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ ገና ሦስት ሳምንት ገደማ ነው። ቢቸና ውስጥ በእነዚያ ቀናት ሰው ሲጠራ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ጃኬቱን ደርቦ ይሄዳል እንጂ። ወይንእሸትም ጃኬቷን ደረበች።

ቢሮው ውስጥ የተቀመጠው ሰው ከወንበሩ ተነሥቶ ጨበጣት።

«ተቀመጪ እህቴ። ፋንታ እባላለሁ። ከጸጥታ በኩል ነው የመጣሁት፤ ግን አትደንግጪ።»

አትደንግጪ ሲላት ደነገጠች።

«ጥናት እየሠራሽ ነው አሉ፤ የፌስቡክ።»

«የመረብ ኳስ ነው» አለች። «የቢቸናና የሞጣ የሴቶች ቡድኖች በፌስቡክ ምን ያህል ደጋፊ እንዳላቸው ነው የምለካው። ለሁለተኛ ዲግሪዬ።»

«እሱን ነው የምልሽ። ጥሩ ነገር ነው። የሰዎቹን ስም የያዝሽበት መዝገብ አለ አሉ። ሰኞ ጠዋት ይዘሽልን ነይ፤ አይተን እንመልስልሻለን።»

ከዚያ ስለ ትምህርት ቤቱ ሜዳ፣ ስለ ዝናቡ መቆም ጥቂት አወራ። ሊወጣ ሲል ግን በሩን እንደያዘ ዞር አለ።

«የጮቄ ነፋስ የሚባለውንም ለይተሽዋል አሉ። ጎበዝ ነሽ።»

ወይንእሸት ቤቷ እንዴት እንደደረሰች አላወቀችም። የግቢውን በር ዘግታ፣ የክፍሏንም ዘግታ፣ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ሰማያዊ ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ለሒሳብ ሠራተኞች የሚሸጠው ዓይነት።

ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ በየቀኑ ጽፋበታለች። ሁለቱ ቡድኖች የየራሳቸው የፌስቡክ ገጽ አላቸው። ሴቶቹ በተጫወቱ ቁጥር ሰዉ ይሰድባል፣ ያሞግሳል፣ ይፎክራል። ሰው ገጹን ስለወደደ ብቻ ደጋፊ አይባልም ብላ፣ ማን ስንት ጊዜ እንደጻፈ፣ ከየት እንደጻፈ፣ ሴት ይሁን ወንድ፣ አንድ በአንድ ለቀመች። ያስቸገራት ባለ ሁለት ስሙ ነው። አንዱ ሰው በሦስት ስም እየገባ ይፎክራልና እንደ ሦስት ሰው መቁጠር አልፈለገችም። ስለዚህ ከሐሰተኛው ስም ጎን እውነተኛውን ማስፈር ጀመረች። ጓደኞቻቸውን አየች፣ ፎቶዎቻቸውን አመሳከረች፣ ሰው ጠየቀች። በመጨረሻ ስድስት መቶ አሥራ ስምንት ሰው ተገኘ፤ ስማቸውን የደበቁት ሁሉ ከነስማቸው። በዚህ ኮርታ ነበር። የመስከረም ወር ሊያልቅ ሲል መምህራን ማረፊያ ውስጥ ለባልደረቦቿ ስለ ጥናቷ ስትናገር፣ መዝገቡን ከፍ አድርጋ እያሳየች «የጮቄ ነፋስን እንኳ አግኝቼዋለሁ!» ብላ ስቃለች። ሁሉም ስቆ ነበር።

የጮቄ ነፋስ የሞጣ ደጋፊ ነው። ግንቦት ላይ ሞጣ ቢቸናን ባሸነፈ ማግስት እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ሃያ አምስት ሞላ። ሃያ አምስት የሞላበት ጨዋታ አልቋል፤ ሜዳው ይለቀቅ።» በመረብ ኳስ አንዱ ዙር የሚያልቀው ሃያ አምስት ነጥብ ላይ ነው። መንግሥትም በዚያው ወር ሃያ አምስተኛ ዓመቱን እያከበረ ነበር። ቅኔ ቤት ደጃፍ ያልደረሰ ሰው ሳይቀር ገባው። ክረምቱ በተቃውሞ ሲታመስ ያቺ ዓረፍተ ነገር ከመረብ ኳሱ ገጽ ወጥታ በየስልኩ ዞረች።

ሰውዬው ታዘበው ይባላል። አርባ አምስት ዓመቱ ነው፤ ሞጣ ውስጥ የመንግሥት መጋዘን ጠባቂ፣ የሁለት ልጆች አባት። በጨዋታ ቀን ነጥብ የሚመዘግበው እሱ ነው። ወይንእሸት የለየችው በእጅ ጽሑፉ ነበር። የጮቄ ነፋስ ከለጠፈው አንድ ፎቶ ጥግ ላይ የነጥብ ወረቀት ይታያል፤ ሰባት ቁጥሩ መሐሉ ላይ አግድም ሰረዝ አለው። ለጥናቷ ከሞጣ ያስመጣችው የነጥብ ወረቀትም ላይ ሰባቱ ሁሉ እንደዚያው ነው።

አሁን ወደ ሞጣ ደውላ ማስጠንቀቅ ፈራች፤ ስልኩን ማን እንደሚያዳምጠው አይታወቅም። መዝገቡን ቤት ትታ መውጣትም ፈራች። መቅደድ ነበረባት፤ አልቻለችም። ሁለት ክረምት የተማረችለት የዲግሪዋ ጥናት ነው። ለታዘበው ላሳየው ይዤው ልሂድ ብላ ራሷን አሳመነች፤ እውነቱ ግን ከእጇ ሊወጣላት አለመቻሉ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት መዝገቡን ልብስ በያዘ ቦርሳ ውስጥ ከታ፣ ከላይ የተማሪዎች የፈተና ወረቀት ደርባበት፣ ወደ ሞጣ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈረች። ደብረ ወርቅን ሲያልፉ ጥቂት ቀለል አላት። ጉንደ ወይን ሊደርሱ ሲሉ አውቶቡሱ ቆመ። መንገዱ ላይ ገመድ ተወጥሯል።

«ሁሉም ይውረድ! ሻንጣ በእጅ!»

ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በሌላ በኩል ተሰለፉ። ወይንእሸት ሰልፉ ውስጥ ገባች። ለመመለስ ብታስብም መንገዱ ግራ ቀኙ የተከፈተ የጤፍ ማሳ ነው። ተራዋ ሲደርስ ፈታሹ የፈተናውን ወረቀት አነሣ፣ ልብሷን ገላለጠ፣ መዝገቡን አወጣ። መሐሉ ላይ ከፈተው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የስፖርት መምህርት ነኝ። የተማሪ ስም ዝርዝር ነው።»

ጣቱን በስሞቹ ላይ እያስኬደ ወረደ። ጣቱ ቆመ።

«የጮቄ ነፋስ» ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። «ይሄ ተማሪ ነው?»

ወይንእሸት ፈታሹ ያነሣውን የፈተና ወረቀት መሰብሰብ ጀመረች።

«ቅጽል ስሙ ነው» አለች። «ልጆቹ ናቸው ያወጡለት። እውነተኛው ስሙ ከጎኑ አለ።»

«ታዘበው» አለ ፈታሹ። «ሠላሳ ሰባት። ከስንት ነው?»

ሠላሳ ሰባት ታዘበው በአምስት ወር ውስጥ የጻፈው ብዛት ነው።

«ከአርባ» አለች።

«ጎበዝ ነዋ!» ብሎ ፈገግ አለ። መዝገቡን ዘግቶ ልብሷ ላይ ወረወረላት። «እኔን ስፖርት ጥላኛለች፤ አሯሩጣ አሯሩጣ ዜሮ ነው የሰጠችኝ መምህርቷ።»

አውቶቡሱ ተነሥቶ ብዙ ከሄደ በኋላ፣ አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ «ልጄ፣ አሞሻል እንዴ? ጥርስሽ እየተንገጫገጨ ነው» ሲሏት ነው ራሷን የሰማችው።

ሞጣ ውስጥ የምታውቀው ሰው ይርጋነሽን ብቻ ነው። ይርጋነሽ የሞጣ ቡድን አምበል ናት፤ ከገበያው በላይ ትንሽ የፀጉር ቤት አላት። ወይንእሸት ስትገባ የአንዲት ሴት ፀጉር እያጠበች ነበር። ፊቷን አይታ ምንም ሳትጠይቅ ሴትየዋን ቶሎ ሸኘች፣ መጋረጃውን ሳበች፣ ነገሩን ሁሉ ሰማች፣ ከዚያም ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች። ከታዘበው ጋር ስትመለስ ግማሽ ሰዓት አልፏል።

ታዘበው አልተቀመጠም። ወይንእሸት የእሱ ስም ያለበትን ገጽ አሳየችው። ቆሞ ደጋግሞ አነበበው።

«ሚስቴ እንኳ አታውቅም» አለ። «እንዴት አገኘሽኝ?»

ስለ ሰባት ቁጥሩ ነገረችው። እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ እጁ ራሱ ያሳጣው ይመስል።

«አንቺ ያገኘሽውን እነሱም ያገኙታል ማለት ነው?»

«እኔ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል፣ ጋሼ። ይሄ እጃቸው ከገባ ግን ሁለት ደቂቃ ይበቃቸዋል።» እንባዋ መጣ። «ይቅር ይበሉኝ። ለመቁጠር ብዬ ነው። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር ብዬ።»

«በይ አቃጥይው።»

«የእርስዎን ገጽ ልቅደደው» አለች በጥድፊያ። «የቀረው እኮ ስለ ኳስ ብቻ የጻፈ ሰው ነው።»

ይርጋነሽ መዝገቡን ከእጇ ወሰደችና ገለጠች። ጥቂት ገጾች ካነበበች በኋላ አንድ ስም ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ይቺ የእኅቴ ልጅ ናት። አሥራ አንደኛ ክፍል። ‹ይርጌ አንበሳዬ› ብላ ነው የጻፈችው። የጮቄ ነፋስ የጻፈውንም ወዳዋለች፤ አንቺ ራስሽ ምልክት አድርገሽበታል።» ቀና ብላ አየቻት። «እሷንስ ምን ብለው ይጠይቋታል?»

ወይንእሸት ይህን አላሰበችም ነበር። ከአርብ ጀምሮ ስትፈራ የነበረው ለአንድ ሰው ነው፤ ለአንድ ሰውና ለራሷ። አሁን ገጾቹ ሲገለጡ ነርሷ፣ ዲያቆኑ፣ ከየጁቤ የሚጽፈው ባለ ሱቅ፣ በአባቷ ስልክ የምትገባው ልጅ፣ ሁሉም ከነአድራሻቸው ተሰልፈው ታዩአት። ማንም አስገድዷት አላሰለፈቻቸውም።

የፀጉር ማጠቢያው ውኃ የሚሞቅበት የከሰል ምድጃ ጓዳ ውስጥ ነበር። ሽፋኑን ወይንእሸት ራሷ ገነጠለች። ወረቀቱን አምስት አምስት እያደረገች ስትማግድ ታዘበው በሩ ላይ ቆሞ ውጭ ውጭውን ያያል። ጢሱ በመስኮት ሲወጣ ይርጋነሽ የአንድ ደንበኛ የተቆረጠ ፀጉር አምጥታ እሳቱ ላይ ጨመረችበት፤ ጎረቤት ቢጠይቅ ሽታው መልስ እንዲሆን።

ሰኞ ጠዋት ወይንእሸት ፋንታ ፊት ሦስት ገጽ ወረቀት አስቀመጠች። በየከተማው፣ በየወሩ፣ ወንድና ሴት እያለ፣ ከመዝገቡ ቀደም ሲል ያወጣችው ድምር ብቻ የሰፈረበት ነው።

«ስሞቹስ?»

«ጥናት ውስጥ ስም አይገባም። ረቂቁን ድምሩን ከያዝኩ በኋላ አስወግጄዋለሁ።»

«መቼ?»

«ቆይቷል።»

ፋንታ ወረቀቱን አስተካክሎ ደረደረ። ድምፁ አልተለወጠም። «እንግዲያውስ አብረን እስክናስታውስ እዚሁ ትቆያለሽ።»

ዘጠኝ ቀን ቆየች። ሌሎች አሥራ አንድ ሴቶች በታሰሩበት አንድ አዳራሽ ውስጥ ነው። አልመቷትም። በቀን አንድ ጊዜ ይጠሯትና ያንኑ ጥያቄ ይጠይቋታል፦ የጮቄ ነፋስ ማን ነው? አላውቅም ትላለች። ከጥያቄው ይልቅ የምትፈራው የራሷን አፍ ነበር። ስሙ ምላሷ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ አንድ ቀን ሳታስበው ዘሎ የሚወጣ ይመስላታል። ስለዚህ ከሴቶቹ ጋር እንኳ ማውራት ተወች። አንዷ ወለተ ሥላሴ የምትባል ጠጅ ሻጭ ደረቅ እንጀራ እያካፈለቻት «ምን አድርገሽ ነው?» ብትላት ራሷን ነቀነቀች እንጂ አልመለሰችም። ሴትየዋ ዲዳ ናት ብላ ከዚያ በኋላ በምልክት ታናግራት ጀመር።

በዘጠነኛው ቀን፣ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ሥራ እንዳትሠራ አስፈርመው ለቀቋት። የያዙባትን ስልክ አልመለሱላትም። ታዘበው አልተያዘም፤ ያን ቅዳሜ ማታውኑ ወደ ደጀን ወርዶ ነበር። እዚያ ሎተሪ አዟሪ፣ ኋላም የጭነት መኪና ጫኝ ሆኖ ከረመ። ከሥራው በመቅረቱ ግን ተሰናበተ፤ ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ወላጆቿ ቤት ገባች። ይህን ሁሉ ይርጋነሽ ለጨዋታ ቢቸና ስትመጣ በጆሮዋ ነገረቻት። ታዘበው የላከላት ሌላ መልእክት የለም። ወይንእሸትም አልጠበቀችም።

ታኅሣሥ ላይ፣ ከአዋጁ ጋር ተቋርጦ የነበረው የሞባይል ኢንተርኔት ሲመለስ፣ በተዋሰችው ስልክ ሁለቱን ገጾች ከፈተች። ሰዎቹ የሉም። ገሚሶቹ የጻፉትን አጥፍተዋል፣ ገሚሶቹ ከገጹ ወጥተዋል፣ የጮቄ ነፋስ የሚባል ሰው ጭራሽ የለም። የቀሩትን በዓይኗ ለቀመች፣ ስም ሳትጽፍ፤ ሁለት መቶ አርባ አንድ።

ጥናቱን በቀጣዩ ክረምት አቀረበች። ከሦስቱ ፈታኞች አንዱ ሠንጠረዡን እያየ «ይሄን ያህል ደጋፊ በሦስት ወር ውስጥ ምን አጠፋው? ቡድኖቹ ተሸነፉ እንዴ?» ሲል ጠየቃት።

«አልተሸነፉም» አለች።

«ታዲያ?»

አዳራሹ ውስጥ ሃያ የሚሆን ሰው ነበር፤ አብዛኛውን አታውቀውም። ከኋላ ረድፍ አንድ ሰው ማስታወሻ እየያዘ ነው።

«በኢንተርኔት መቋረጥ ምክንያት ነው» አለች። ፈታኙ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጽፎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ።