ደርሶኛል በለኝ

«እትዬ፣ አሁንም ቁልፍ ፋይሉን አስገባ ይለኛል» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ዓይኑን ከሟቹ ኮምፒውተር ሳይነቅል።

የሟቹ ሚስት ከኋላው ቆማለች። ሳሎኑን ለቀስተኛ ሞልቶታል፤ አብዛኛው ሰርጉን ሟቹ በቪዲዮ የቀረጸለት ደንበኛ ነው። ሰውዬው ዕድሜ ልኩን ከካሜራ ጀርባ ቆሞ ኖሮ የራሱ ምስል ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ የገዛ ሰርጉ ፊልም ላይ። ፊልሙ ያለበት ዲስክ መላላጥ ሲጀምር ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጠው፤ ቅጂውን እንደ ልማዱ ቆልፎ አሮጌውን ጣለ። ልጆቹ አባታቸው ሲጨፍር አይተው አያውቁም። እናታቸው ዛሬ እንዲያዩት ፈልጋለች።

«እሱ እንደሆነ ቁልፉን እዚህ አያስቀምጥም» አለች። «ቁልፍና ሳጥን አንድ ቤት አያድሩም ይል የለ?»

ይል ነበር እንጂ። ታላቅ ወንድሙ ጋሼ የደንበኛ ዲስክ በገለበጠ ቁጥር መክፈቻውን ፋይል ወደ ታናሹ ስልክ ይልካል፤ ከሥሩም ያቺው ቃል አትቀርም፦ ደርሶኛል በለኝ። መልሱ እስኪመጣ እህል አይቀምስም እያሉ ይቀልዱበት ነበር። አምና ግን ታናሽየው ሱቁ ድረስ ሄዶ፣ ደንበኛ እየሰማ፣ «የመጋዘንህ ዘበኛ አደረግከኝ እንዴ?» አለው። ጋሼ ሌንሱን መወልወሉን ቀጠለ።

በማግስቱ ከጋሼ አንድ መልእክት መጣ። ታናሽየው ወቀሳ መስሎት ሳይከፍተው ተወው። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ሲል ከረመ፤ ኩራት ይዞት እንጂ ወንድሙን ጠልቶት አልነበረም።

አሁን ስልኩን አወጣ። መልእክቱ እንደተዘጋ ነው። ሲከፍተው አንድ ፋይል አገኘ፣ «የእኔ ሰርግ» የሚል። ከሥሩ እንዲህ ተጽፏል፦ «የሰው ፋይል እንኳ ቢበዛብህ ይቺን ያዝልኝ። ከአንተ ሌላ ለማን እሰጣለሁ? ደርሶኛል በለኝ።»

ፋይሉን ኮምፒውተሩ ላይ ሲያስገባ ፊልሙ ተከፈተ። ሙሽራው ጋሼ ክራቫቱ ተጣሞ ይጨፍራል፣ ካሜራውን እያፈረ። ልጆቹ ተጠርተው መጡ። ትንሿ «አባዬ ጭፈራ አይችልም» ብላ ሳቀች፤ እናቷም እያለቀሰች አብራት ሳቀች።

ታናሽየው ማየት አቃተው። አንገቱን ደፍቶ «ደርሶኛል» ብሎ ጻፈና ላከው።

ለአጽናኞች ስትመልስበት የሰነበተችው የሟቹ ስልክ በሚስቱ እጅ ላይ ነዘረ። አነበበችው፤ ባሏ ሳያገኘው የሞተው መልስ ነበር። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ዘግታው የማታውቀውን ስልክ ቀስ ብላ አጠፋችው።