ተቀምጦ መነሳት

ምክትል ዳይሬክተራችንን በሌሉበት «ቶሎ ቶሎ ቤት» እንላቸዋለን። ግድግዳው ሰንበሌጥ መሆኑን ሁሉም ስለሚያውቅ ተረቱን የሚጨርስ የለም። እኚህ ሰው የእኔን የፎቶግራፍ ታሪክ ትምህርት ከመጪው መንፈቅ ዓመት ጀምሮ ሊሰርዙት ቆርጠው ተነሱ። ስልክ የያዘ ሁሉ ፎቶ በሚያነሳበት ዘመን የማንሳትን ታሪክ ማስተማር ጊዜ ማባከን ነው አሉኝ። እኔ ደግሞ እንዲህ ሲሉኝ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። ሳይሰሙ አይፍረዱ፣ አንዱን ክፍል ሰምተው ይወስኑ አልኳቸው፤ ተስማሙ።

ክፍል የምለው የፖድካስቴን ነው። የትምህርት ቤቱ ምስል ማሳያ ከተበላሸ ወዲህ ታሪኩን እየቀረጽኩ ለተማሪዎቼ እልክላቸዋለሁ። ፎቶ በጆሮ ይታያል ወይ ብሎ ያልቀለደብኝ መምህር የለም። ልጆቹ ግን አውቶቡስ ውስጥ፣ ልብስ ሲያጥቡ፣ ወረፋ ሲጠብቁ ይሰሙኛል። ያላዩትን ፎቶ እያንዳንዳቸው በየጭንቅላታቸው ስለው ይመጡና ክፍል ውስጥ ይከራከራሉ። ከዚያ የታተመውን እጃቸው ላይ ሳስቀምጥላቸው በዓይናቸው ይበሉታል። ስለዚህ በሥራዬ እተማመን ነበር።

ለምክትሉ የመረጥኩት ስለ መጀመሪያዎቹ ፎቶዎች የማወራበትን ነው። ያን ጊዜ ካሜራው ብርሃን የሚጠጣው ቀስ እያለ ስለነበር ፎቶ የሚነሳ ሰው ለደቂቃዎች ድርቅ ብሎ መቀመጥ ነበረበት። እኛ «ተነሳ» እንላለን እንጂ ነገሩስ መቀመጥ ነው እያልኩ እቀልዳለሁ። ቀጥዬ ሰው በሚተራመስበት ጎዳና ስለተነሳ አንድ የድሮ ፎቶ እተርካለሁ፤ የሚራመደው ሁሉ ጠፍቶ፣ ጎልቶ የቀረው ጫማውን ለማስጠረግ የቆመ ሰው ነው። መጨረሻ ላይ አድማጩን «ብርጭቆው እስኪጮህ እንዳይንቀሳቀሱ» እለውና፣ ብርጭቆ በማንኪያ እስክመታ ድረስ ራሴም ዝም እላለሁ። ረዘም ያለ፣ የሚያቁነጠንጥ ዝምታ ነው። የትምህርቱ ልብ እሱ ነው።

ድምፁን የሚያቀናብርልኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። የሚሠራው ሬዲዮ ጣቢያ ነው፤ እዚያ ዝምታ ማለት ጣቢያው ሞተ ማለት ነው። እኔ ሳስተምር ስለዋልኩ ቅጂውን ራሱ ለምክትሉ ላከላቸው። እኔም ልጁን አምኜ፣ ሳልሰማው በማግስቱ ቢሯቸው ገባሁ።

ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው ቅጂውን ከፈቱት። ስለ ጎዳናው ስተርክ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ፤ ያዝኳቸው አልኩ በልቤ። ከዚያ ድምፄ «እንዳይንቀሳቀሱ» አለ። ወዲያው ብርጭቆው ጮኸ። ወዲያው ደግሞ ድምፄ ያ ሁሉ ጊዜ እንዴት እንደከበዳቸው ጠየቃቸው።

«የትኛው ጊዜ?» አሉ ምክትሉ።

ደሜ ፈላ። ወንድሜ ዝምታውን ቆርጦ ጥሎታል። እኩላለሁ ብሎ ዓይን ያጠፋ ማለት ይኼ ነው። ቅጂውን አቆምኩና ዝምታው መቆረጡን ነገርኳቸው፤ አጠገባቸው የነበረውን የውኃ ብርጭቆ ወደ እኔ ሳብኩ፤ እስክመታው ድረስ ሳይንቀሳቀሱ እንዲቀመጡ አዘዝኳቸው። አዎ፣ አዘዝኳቸው። ተቀመጡም።

ብዙም ሳይቆይ ስልካቸው ተንዘፈዘፈ። እጃቸው ሳያስቡት ሄደ።

«ጠፉ» አልኳቸው። «ጎዳናው ላይ የሉም።»

ወረቀት ልታስፈርም የገባችው ጸሐፊያቸው ሳቋን ለመደበቅ ወደ በሩ ዞረች። ምክትሉ ስልኩን አዩ፣ እኔን አዩ። ያን ጊዜ ብቻ ፈራሁ። ከአፋቸው በሚወጣ አንድ ቃል ትምህርቴ ሊሄድ ነው። እሳቸው ግን ስልኩን አጥፍተው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት፤ ኮታቸውንም አስተካከሉ።

«እንደገና አንሺኝ» አሉ።

በሁለተኛው ዙር ንቅንቅ አላሉም። ከኮሪደሩ የተማሪዎች ኮቴ ይሰማል፤ አንድ ሰው በሩን አንኳኩቶ ሄደ። ከፊታቸው ላይ ጥድፊያው ቀስ በቀስ ወረደና ከሥሩ ደከም ያለ፣ ደግ የሚመስል ሰው ብቅ አለ። እንዲህ ያለ ፊት እንዳላቸው አላውቅም ነበር፤ አንጀቴን በሉት። ብርጭቆውን መታሁ። አልተነሱም።

ቆይተው «ወጣሁ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ሲታጠብ ነው የሚታወቀው።»

ሳቁ። ከዚያ የመንፈቅ ዓመቱን ድልድል አወጡና የእኔን ትምህርት ከሚሰረዙት መሃል አስወጡት። ወንድሜን ግን ሳልነግረው እንዳልቀር አስጠነቀቁኝ፤ የእሳቸውን ዝምታ ማንም እንዳይቆርጥባቸው።

ደረጃው ላይ ስደርስ ወንድሜ ራሱ ደወለ። ድምፁ ደስ ብሎታል። መሃሉ ላይ ባዶ ቦታ ነበረው፣ አጸዳሁልሽ፣ ወደዱት አይደል አለኝ። የምለውን ስድብ ቢሮው ውስጥ ሳለሁ አሰናድቼ ነበር። ዋጥኩትና ዝም አልኩ።

«ሃሎ?» አለ። ዝም አልኩ። «እህቴ? መስመሩ ተቆረጠ እንዴ? ሃሎ?»

«አትንቀሳቀስ» አልኩት።