የባሌን መድኃኒት የጨረሱት ደጋጎች

ባሌን ሊገድሉት የነበሩት ሰዎች በጣም ደጋግ ሰዎች ናቸው። ኋላ ሐሜተኛ እንዳልባል ይህን ከወዲሁ ልናገር። ባዶ እጃቸውን አይመጡም፤ ብርቱካን ይዘው ነው። ሲገቡ ጫማቸውን በር ላይ ያወልቃሉ፣ ሲወጡ ጸልየው ነው። እንዲህ ባለ ሰው ላይ እንዴት ይጮኻል? አልጮኽኩም እንዳልል ግን ጎረቤት ይታዘበኛል።

ባሌ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ከእንጀራው በተረፈው ጊዜ ደግሞ የጸሎት ቤታችን ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ያውም በነጻ። ጸሎት ቤታችን የሚረዳቸው ጧሪ የሌላቸው አሮጊቶችና ሽማግሌዎች አሉ። ቧንቧቸው ሲያንጠባጥብ፣ መጸዳጃቸው ሲደፈን የሚጠራው እሱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቶ ይወጣና ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ይመለሳል፤ ፊቱ ግን የሙሽራ ፊት ነው። «ምን አገኘህ?» ስለው «ሻይ አፈሉልኝ» ይላል። የእኔ የወጥ ቤት ቧንቧ እዚሁ ጠብ ጠብ ይላል። «ነገ» ይለኛል። ነገ የሚባለው ቀን እኛ ቤት መጥቶ አያውቅም።

አንድ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለና በዚያው ቀረ። ግራ እጁና ግራ እግሩ አልታዘዝ አሉት። ሆስፒታል ተኛ፣ እግዜር ይመስገን ተረፈ፣ ወደ ቤት አመጣሁት። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ፈገግታ የማያውቅ ወጣት ነው። ወደ ኮሪደር ጠራኝና «እማማ» አለኝ፤ «እግራቸው አልሞተም፣ ተኝቷል። አሁን ካልረገጡበት ግን በኋላ ቢፈልጉም እሺ አይላቸውም። እኔ እጃቸውን ማንቀሳቀስ እችላለሁ፤ ልባቸውን አልችልም። እንዲነሱ የሚያደርጋቸውን ነገር እርስዎ ይፈልጉ።»

እኔ ልፈልግ ስል ፕሮግራም መጣች። ፕሮግራም የጉብኝት አገልግሎት ኃላፊያችን ናት። በስሟ የሚጠራት የለም። ስታስነጥስ እንኳ በፕሮግራም ነው ይሏታል። ደግ ናት፣ ታታሪ ናት፤ የያዘችውን ግን እንደ ሞኝና ወረቀት አትለቅም። ባሌ ከሆስፒታል በወጣ በሳምንቱ ተረኞች መድባ፣ ሁለት ሁለት አድርጋ፣ ጠዋትና ከሰዓት ቤቴ ላከቻቸው።

ተረኞቹ ሥራቸውን ጠንቅቀው ሠሩ። ባሌ ወደ ብርጭቆው እጁን ሲዘረጋ ሦስት እጅ ይቀድመዋል። መሐረብ ሲወድቅበት መሬት ሳይነካ ይቀልቡታል። ሾርባውን በማንኪያ ያጎርሱታል፤ የእሱ ቀኝ እጅ ምን ሆኖ? ደህና ነው እኮ! ትራስ ይደግፉለታል፣ ካልሲ ያጠልቁለታል፣ ከአልጋው ጫፍ እግሩን ካወረደ «ኧረ ጋሼ! እኛ እያለን!» ብለው ይመልሱለታል። አንዷማ ብርቱካን ስትልጥለት ፍሬውን አውጥታ፣ ክሩን ገፍፋ፣ ማኘኩን ብቻ ነው ያስቀረችለት።

ፕሮግራም ደግሞ የመሣሪያ ቦርሳውን ይዛ ሄደች። «ሲያዩት ሐሳብ ይሆንባቸዋል፣ እትዬ» አለችኝ። የቅዳሜ ሥራውን ለጸሎት ቤቱ ኦርጋን ተጫዋች ሰጠችው። እሁድ በማስታወቂያ ሰዓት «ወንድማችን ከእንግዲህ በዕረፍት ላይ ናቸው» ተብሎ ተነገረ፤ ሕዝቡም አሜን አለ። ቤት ገብቼ ስነግረው ባሌ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«እግዜር ጡረታ አወጣኝ» አለ።

ከዚያ ወዲያ እግሩን ከአልጋው ማውረዱንም ተወው። ባለሙያው ሲመጣ ዓይኑን ይጨፍናል። እኔ ስቆጣው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ስለምነው «ምን ልሠራ ነው የምነሳው?» ይላል። ይህ ሰው እኮ ሰርግ ቤት ተጠርቶ መጸዳጃ ቤት ጠግኖ የወጣ ሰው ነው! ሰውነቱ ሳይሆን እሱ ራሱ ሲሟሟ አየሁት። እንደሚሞትብኝ ገባኝ። በበሽታው ሳይሆን በብርቱካን።

እሁድ ሰባኪው ስለ አገልግሎት ሰበከ። ማገልገል ለነፍስም ለሥጋም ጤና ነው አለ፤ ጌታ እንኳ ጎንበስ ብሎ እግር አጥቧል አለ። ከዚያ ፕሮግራም ለምስክርነት ተነሳች። ድሮ ደም ግፊት ነበረባት፣ እንቅልፍ አልነበራትም፣ ሰው አስጠልቷት ነበር። የጉብኝት አገልግሎት ከጀመረች ወዲህ፣ በተለይ ጋሼን መጠየቅ ከጀመረች ወዲህ፣ ግፊቷ ወርዷል፣ ትራስ ሳይነካት ነው የምትተኛው። ሐኪሟ ራሱ ተገርሟል። ጉንጮቿን አየኋቸው፤ እውነትም ወዛ ብለዋል። ከጎኗ የተቀመጡት ተረኞችም ሁሉ እንደዚያው ወዛ ብለዋል።

ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ክው አልኩ። ይሄ የማን መድኃኒት ነው? የባሌ አይደለም እንዴ! ዕድሜ ልኩን ሲወስደው የኖረውን አንድ ጠዋት አቋርጠውበት፣ አሁን በአልጋው ዙሪያ ተቀምጠው ተካፍለው እየዋጡለት ነው።

ከጸሎት በኋላ ሰባኪውን በር ላይ ያዝኩትና ይህንኑ ነገርኩት።

«እናቴ» አለኝ በትሕትና፣ «እሳቸው ዘመናቸውን ሁሉ ሰጥተዋል። አሁን የመቀበል ጊዜያቸው ነው። መቀበልም ጸጋ ነው።»

«ልክ ብለሃል» አልኩት። «መቀበል አያውቅም፣ ትዕቢተኛ ነው፤ ሠላሳ ዓመት አብሬው የኖርኩት እኔ ነኝ። ግን እግር አጣቢ በዛ፣ ልጄ! የባሌ እግር ታጥቦ ታጥቦ ሊያልቅ ነው፤ መሬት ግን አልረገጠም። ቢያንስ ቦርሳውን መልሱለት።»

ሰባኪው ሳቀ። ቀጥሎ ትዕግሥት እንዲሰጠኝ ጸለየልኝ። የቦርሳውን ጉዳይ ለፕሮግራም ነገራት፤ እሷም ለሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ አድርጋ ያዘችው።

በማግስቱ ፕሮግራም ራሷ ከሁለት ተረኞች ጋር መጣች። ባሌ እንደተለመደው ግድግዳውን ያያል። እኔ ሳሎን ስፌት መኪናዬ ላይ ነኝ፤ የሰው ኮት እያሳጠርኩ ነው። ፕሮግራም ብርቱካኗን ልታጥብ ወጥ ቤት ገባችና ጠብታውን ሰማች።

«እትዬ፣ ይህ ድምፅ ጋሼን አይረብሻቸውም?»

«ድሮም አይሰማውም» አልኳት።

«እኛ እያለን ማ ሊሠራው ነው!» አለችና መሳቢያ ከፈተች። የቀረችውን አንዲት አሮጌ መፍቻ አገኘች። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይሄ ነው። ውሃውን ከዋናው ሳትዘጋ የቧንቧውን አንገት ይዛ ጠመዘዘችው። ሙሉ ልቧን ሰጥታ ነው የጠመዘዘችው፤ ያቺ ሴት ምንም ነገር በግማሽ ልብ አትሠራም።

መጀመሪያ ጩኸቷን ሰማሁ፣ ቀጥሎ ውሃውን። የቧንቧው ራስ ተነቅሎ በእጇ ቀርቷል፤ ውሃው ጣሪያ ይመታል። ሁለቱ ተረኞች ሮጠው ገቡ። አንዷ በፎጣ ልታፍነው ሞከረች፣ ፎጣው ተወሰደ። ሌላዋ ድስት ደቀነች፣ ድስቱ ሞላ፣ ወዴት እንደምትደፋው ጨነቃት። ፕሮግራም እንደ በሰበሰች ዶሮ ሆና ወደ እኔ መጣች።

«እትዬ! መዝጊያው የት ነው? ዋናው መዝጊያ!»

መዝጊያው የት እንደሆነ አውቃለሁ። መውጫው በር አጠገብ፣ ግድግዳው ውስጥ ዝቅ ብሎ፣ ከትንሽ የቆርቆሮ ክዳን በስተኋላ ነው። ከተቀመጥኩበት ብነሳ እጄ ይደርሳል። ኮቱን እጄ ላይ አንጠልጥዬ አሰብኩ፤ ብዙም አላሰብኩም።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ባሌ ነው የሚያውቀው» አልኩ።

በጸሎት ቤት ሰው ፊት፣ ዓይኔን ሳላሽ፣ ዋሸሁ። እግዜር ይይልኝ አልኩ በሆዴ፤ ደግሞም እያየ ነበር።

ውሃው ከወጥ ቤት ወጣ። ኮሪደሩን አለፈ። የመኝታ ቤቱን ደፍ ሲሻገር የባሌን ድምፅ ሰማሁ፤ ከሆስፒታል ከመጣ ወዲህ እንዲህ ጮኾ አያውቅም።

«ዝጉት እንጂ! ምን ትጠብቃላችሁ!»

«ጋሼ፣ እርስዎ አይጨነቁ!» አለች ፕሮግራም ከወጥ ቤት፤ «እየጸለይን ነው!»

ሄጄ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ባሌ በክንዱ ተደግፎ ቀና ብሏል፤ ዓይኑ ወለሉ ላይ ነው። ነጠላ ጫማው ተንሳፍፎ ወደ ቁም ሣጥኑ እየሄደ ነበር።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዝጊው!»

«የት እንደሆነ ጠፋኝ።»

«እንዴት ይጠፋሻል!»

«ጠፋኝ አልኩህ እኮ።»

አየኝ። እኔም አየሁት። ቢወድቅስ? ቢወድቅ እኔ ነኝ የጣልኩት። ሮጬ ልዘጋው እግሬ ተነስቶ ነበር፤ ጥርሴን ነክሼ መለስኩት።

ባሌ የማይጻፍ ነገር ተናገረ። ብርድ ልብሱን ገፈፈና እግሮቹን አወረደ፤ ቀኙን በራሱ፣ ግራውን በእጁ አንስቶ። ውሃው ላይ ረገጠ። ቆመ። ተንገዳገደ፤ ግድግዳውን በቀኝ እጁ ያዘና እየተጎተተ ወደ እኔ መጣ። ግራ እግሩ ውሃውን እየገፋ ተከተለው። በአጠገቤ ሲያልፍ አልነካሁትም። እንዲህ ያለ ከባድ ነገር በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም።

ተረኞቹ ሲያዩት ሊደግፉት ተንደረደሩ። «ማንም እንዳይነካው!» ብዬ ጮኽኩ። ጎረቤት የታዘበው ይህን ነው።

መዝጊያው ጋ ሲደርስ ችግር መጣ። ለማጎንበስ የበሩን መቃን በቀኝ እጁ መያዝ አለበት፤ ቀኙን ከለቀቀ ይወድቃል። የቀረው ግራው ነው። ቆርቆሮውን በጉልበቱ ገፍቶ ጣለውና ግራ እጁን መዝጊያው ላይ አሳረፈ። ጣቶቹ መጀመሪያ ተንሸራተቱ። ሁለተኛም ተንሸራተቱ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ውሃው ያፏጫል፤ ፕሮግራም እንኳ ጸሎቷን አቁማለች። ከዚያ ጣቶቹ ጨበጡ። መዝጊያው ጥቂት ዞረ። ጥቂት ደግሞ ዞረ። ፉጨቱ ቀነሰ፣ ቀነሰና ቆመ።

ባሌ እዚያው ውሃ ላይ ተቀመጠ። እያለከለከ ፕሮግራምን አያት። የቧንቧውን ራስ እንደ ሕፃን አቅፋ ቆማለች።

«ውሃ ሳይዘጋ ቧንቧ መንካት የት አባትሽ ነው የተማርሽው?» አላት።

ያችን ሴት እንዲህ ብሎ የተናገራት የለም። «ይቅርታ ጋሼ» አለች፤ ድምጿ የተማሪ ነው።

«ወንበር ወጥ ቤት አስገቢልኝ። መፍቻውን አምጪ። የቧንቧውን ጥርስ የምንጠቀልልበት ክር ፈልጊ።»

«ጋሼ፣ ደክሞዎት እንደሆነ…»

«ዝም ብለሽ ያዢ!»

ያዘች። እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ በቀኙ እየጠመዘዘ፣ በግራው እንደነገሩ እየደገፈ ገጠመው። ያ ቧንቧ ከዚያ ወዲህ ጠብ ብሎ አያውቅም፤ የእኔ ነገ በስንት ዓመቱ መጣ። ተረኞቹ ሳይጸልዩ የወጡት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ረስተውት ነው። ፕሮግራም ግን በር ላይ ጫማዋን እያጠለቀች ዞር አለች።

«ጋሼ… ከምንረዳቸው እናቶች የአንዷ ቧንቧ ሰሞኑን ተበላሽቶ ነበር። ኦርጋን ተጫዋቹ ከነካው ወዲህ ጭራሽ ውሃ የለም። ቦርሳውን ባመጣልዎት… ሲሻልዎት…»

«ከነገ ወዲያ» አለ ባሌ። «መንገድ ላይ ትደግፊኛለሽ። መሣሪያ ግን አትነኪም።»

ፕሮግራም እዚያው ቆማ ፕሮግራሟ ላይ ጻፈችው።

ሲሄዱ ቤቱ ጸጥ አለ። ባሌ ወንበሩ ላይ ነው፤ እኔ ተንበርክኬ ወለሉን በጨርቅ እያደረቅኩ እጨምቃለሁ።

«ታውቂው ነበር» አለኝ።

ጨርቁን ጨመቅኩ። ዝም አይነቅዝም።

«እዚህ ቤት የገባን ሰሞን እጅሽን ይዤ፣ አዙሬ አሳይቼሻለሁ። አልጠፋሽም።»

«ለምን ነበር ያሳየኸኝ?»

«እኔ የሞትኩ ቀን ቤቱ በውሃ እንዳይሞላብሽ ብዬ ነዋ።»

«ታዲያ ሞተሃል?»

ግራ እጁን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ያየዋል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። የእኔማ ቀድሞ ፈሷል፤ ወለሉ ርጥብ ስለሆነ አልታወቀብኝም።

«በል እንካ» አልኩት፣ ትርፉን ጨርቅ አንስቼ። «ገና ኮሪደሩ አለ።»

በግራ እጁ ተቀበለኝ። ጨርቁ ከጣቶቹ ሾልኮ ወደቀ። ላነሳለት እጄን ሰደድኩና መለስኩት። ጎንበስ ብሎ ራሱ አነሳው።